ግብር የሚዘገየው ገንዘቡ እጅዎ ካልገባ ነው

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘጠኝ ዓመት ያከራየሁት ሁለተኛ ቤት አለኝ። ኪራዩ ያን ያህል አይደለም። ጡረታ ልወጣ ስለሆነ ሸጬዋለሁ፤ ርክክቡ በሚቀጥለው ወር ነው። ገንዘቡን ባንክ አስቀምጬ፣ ተረጋግቼ ሌላ ቤት ብገዛበት ግብሩ ይዘገይልሃል ተብያለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ መንገዱ አለ፤ እርስዎ ባሰቡት አካሄድ ግን አይገኝም። የአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 1031 የኪራይ ቤቱን በሌላ የኪራይ ቤት ለሚለውጥ ሰው የትርፉን ግብር ያዘገይለታል። ከርክክቡ ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ሊገዙ ያሰቡትን ቤት በጽሑፍ ያሳውቃሉ፤ በ180 ቀን ውስጥ ግዢውን ይጨርሳሉ፤ በቅጽ 8824 ያስታውቃሉ።

ያስደነገጠኝ «ባንክ አስቀምጬ» ያሉት ነው። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የሽያጩ ገንዘብ ለአንድ ቀን እንኳ በእርስዎ ሒሳብ ካደረ መብቱ ያበቃል፤ በማግስቱ ሌላ ቤት ቢገዙበትም አይመለስም። ቼኩን ሳይመነዝሩ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም አያድንም። ገንዘቡን መያዝ ያለበት በሕጉ ብቁ የሆነ ሦስተኛ ወገን ነው። ይህም ልጅዎ፣ ጠበቃዎ ወይም የሒሳብ ሠራተኛዎ ሊሆን አይችልም። ከእርሱ ጋር የሚደረገው ውል ደግሞ ከርክክቡ በፊት መፈረም አለበት። ከርክክብ በኋላ ቢሮዬ ለሚመጣ ሰው የማደርግለት ነገር የለም፤ ይህን መናገር ሁልጊዜ ይከብደኛል።

አሁን ያልጻፉልኝን ልጠይቅዎ። የሚገዙት ቤት የት ነው? ጡረታ ሲሉኝ አዲስ አበባን ጠረጠርሁ። እንደዚያ ከሆነ አንቀጽ 1031 አይረዳዎትም፤ በአሜሪካ ያለ ቤትና ከአሜሪካ ውጭ ያለ ቤት በሕጉ አይለዋወጡም። ከገንዘቡ ከፊሉን ወደ አገር ቤት መላክ ከፈለጉ በዚያ መጠን ግብር ይከፈላል፤ ይህም አስቀድሞ ይታቀዳል።

ተከራይዎስ ማን ነው? «ያን ያህል አይደለም» የተባለ ኪራይ ብዙ ጊዜ የዘመድ ኪራይ ነው። ዘመድን መርዳት ደግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከገበያ ዋጋ በታች የተከራየ ቤት ባለቤቱ ራሱ እንደተገለገለበት ሊቆጠር ይችላል። ያን ጊዜ ቤቱ ለኪራይ የተያዘ መሆኑን ማስረዳት ይከብድዎታል። ኪራዩንስ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤት አስታውቀዋል? የእርጅና ቅናሽ (ቤቱ እያረጀ ስለሚሄድ በየዓመቱ ከኪራይ ገቢው ላይ የሚቀነሰውን) ሳይወስዱ ቢቀሩ እንኳ ሕጉ እንደወሰዱ ይቆጥርብዎታል፤ በዚያ መጠን የተገኘው ትርፍ እስከ 25 በመቶ ግብር ሊያስከፍል ይችላል። ይህን ከጠበቃ መደበቅ ራስን መጉዳት ነው፣ ወንድሜ።

የግዢ ውልዎን፣ የኪራይ ውሎቹን፣ ኪራይ የገባበትን የባንክ መግለጫና የዘጠኙን ዓመት የግብር ማስታወቂያ ሰብስበው የግብር ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ከዚህ በላይ ሰነድዎን ሳላይ መናገር አልችልም። የርክክቡ ቀን ሊገፋ ይችል እንደሆነ ዛሬውኑ ደላላዎን ይጠይቁ።