አትወጋም፣ ትቆርጣለች

እህቴ፣ የጠየቅሽው የኔም የስንት ዓመት ጥያቄ ስለነበር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ማታ ውሃ ዳር ተቀምጠሽ ነጥብ የማታክል ትንኝ (ከቢምቢ ሌላ የሆነችው፣ በእንግሊዝኛ «ሚጅ» የሚሏት) ነከሰችሽ፤ እዚያው እንደ እሳት አቃጠለሽ፣ በማግስቱ ደግሞ እጅሽ አብጦ ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳሽ። «ቢምቢ እንኳ እንዲህ አታደርግም፣ ይቺ ምን ይዛ ነው?» ብለሻል። ከኔ በፊት የመለሰው ወንድማችን «መርዝ አላት» ብሎ ጨርሶታል። መርዝስ የላትም። ጉዳዩ ያለው አፏ ላይ ነው።

እኔ ከነዚህ ትንኞች ጋር የተዋወቅኩት ረግረግ መስክ አጠገብ ፈረስ ሳረባ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያሳበብኩት በቁንጫ ነበር። አንሶላ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ድመቷንም ከቤት አስወጣኋት (ያለ ጥፋቷ)። ለውጥ የለም። አጎበር ሰቀልኩ፣ ጭራሽ ባሰ፤ ለካ የአጎበሩ ቀዳዳ የተሠራው ለቢምቢ ነው፣ ይቺ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነች እንደ ክፍት በር ታልፍበታለች። እኔ ውስጥ፣ እነሱም ውስጥ።

አንድ ቀን መሸትሸት ሲል እጄ ላይ አንዷ አረፈች። እንደ ልማዴ ልመታት እጄን አንስቼ ተውኩትና በአጉሊ መነጽር አየኋት። ክንፎቿ ዝንጉርጉር ናቸው፣ ስታርፍ አንዱን በሌላው ላይ አድርጋ ጀርባዋ ላይ ታጥፋቸዋለች። ድምፅ የላትም፤ ቢምቢ ጆሮሽ ሥር እየዘፈነች ነው የምትመጣው፣ ይቺ ግን እስክትነክስሽ መምጣቷን አታውቂም። ጥቂት ወዲያ ወዲህ አለች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ያኔ ነው የተንገበገብኩት። ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ ሆዷ ቀስ በቀስ ቀላ፣ ከዚያም ተነፋ። ስትነሳ ሰውነቷ ከብዷት እየተንገዳገደች ነበር የበረረችው። የቀረው ቁስል መሃል ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የደም ነጥብ ነበረች።

የቢምቢ አፍ እንደ ቀጭን መርፌ ነው። ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ቀጭን የደም ሥር ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ከዚያው ደም ይመጥጣል። ትንኟ እንዲህ ያለ ረጅም መርፌ የላትም። አፏ አጭር ነው፣ ውስጡ ግን ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተሳለ ጥቃቅን ስለቶች አሉ። እነሱን እንደ መቀስ እያፋተገች ቆዳውን ትቀድዳለች፣ ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ትበጥሳለች፣ ደሙ ቁስሉ ውስጥ ሲያቁር ያንን ትመጥጣለች። ስለዚህ እዚያው የተሰማሽ ሕመም የመወጋት ሳይሆን የመቆረጥ ሕመም ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ንክሻው ላይ አልኮል አፍስሼበት ጣሪያ ልነካ ምንም አልቀረኝም፤ ለካ የተከፈተ ቁስል ላይ ነው ያፈሰስኩት።

የማግስቱ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ የምራቋ ሥራ ነው። ደም ቶሎ ከረጋባት ጦሟን ስለምታድር፣ እየቆረጠች ደም እንዳይረጋ የሚያደርግና የደም ሥር የሚያሰፋ ምራቅ ትተፋለች። ሰውነታችን ይህን ባዕድ ነገር ሲያገኝ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃል፤ መቅላቱም፣ ማበጡም፣ ማሳከኩም ከዚያ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ላይ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ላይ ቀናት ይቆያል። ፈረስም እንደዚሁ ነው። ከነበሩኝ አንዷ ባዝራ ለምራቁ አለርጂ ነበረባት፤ ጋማዋንና የጭራዋን ሥር ከአጥር እንጨት ጋር እየፈተገች ቆዳዋ እስኪገለጥ አደረሰችው። አጠገቧ የሚግጡት ሌሎቹ ግን ምንም አልሆኑም።

የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፣ ለእንቁላሏ የደም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ወንዱ የአበባ ማር ቀምሶ ያድራል። (ቸኮሌት የምትወጂ ከሆነ ደግሞ ብዙ አትራገሚያቸው፤ ቸኮሌት የሚሠራበትን የካካዎን የአበባ ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ከሚያደርሱት መካከል የነዚሁ ዘመዶች ይገኙበታል።)

በሽታን በተመለከተ፣ ወባ አታስተላልፍም። የበለጠ የሚፈሯት ከብት አርቢዎች ናቸው፤ የአፍሪካ ፈረስ በሽታንና በግ ላይ የሚበረታውን ብሉታንግ የተባለ የቫይረስ በሽታ የምታዛምተው እሷ ናት። ሰው ላይ ደግሞ በደቡብ አሜሪካ የሚታወቀውን፣ ትኩሳትና ራስ ምታት የሚያመጣውን የኦሮፑሽ ቫይረስ ታስተላልፋለች።

አሁን የተነከስሽውን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዢበት። ማሳከኩ ካልቻልሽው የአለርጂ ክኒን ወይም ሃይድሮኮርቲሶን ቅባት ፋርማሲ ጠይቂ። ማከኩን ተዪው፤ ቆዳው አስቀድሞ ስለተቆረጠ የጥፍር ቆሻሻ በቀላሉ ይገባና ያመግላል። መግል ከያዘ ወይም መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ሐኪም ይየው፤ ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ።

መከላከሉ ላይ ስንት ነገር ሞክሬያለሁ። ጭስ ትንሽ ይረዳል፣ ግን ከትንኟ ይልቅ እኔን ነበር የሚያስለቅሰኝ። ዲት ወይም ኢካሪዲን የተባሉት ነፍሳት የሚያባርሩ ኬሚካሎች ያሉበት ቅባት ይሠራል፣ የተጋለጠውን ቆዳ ሳይዘሉ ከተቀቡት። ረጅም እጅጌም ጥሩ ነው። ከሁሉ በላይ ያዋጣኝ ግን ነፋስ ነው። ትንኟ ደካማ በራሪ ናት፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ካለ አብዛኞቹ አይነሱም። የሚበረቱት ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ፣ አየሩ ጸጥ ሲል ነው። ስለዚህ የምትቀመጪበትን ቦታ ከረግረጉ ራቅ፣ ከፍና ነፋሻ ወዳለው አድርጊው፤ በረንዳ ላይ ከሆነ ቬንትሌተር ወደ እግርሽ አዙሪ። እኔ ጋጣው ውስጥ ትልቅ ቬንትሌተር ሰቅዬ ባዝራዋን ከምሽት በፊት ማስገባት ጀመርኩ። በቀጣዩ ወቅት ጋማዋ መልሶ በቅሎ ነበር።