ስፔሰር ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የ2008 ሂሉክስ አለኝ። ሰፋ ያለ ጎማ ካስገባሁ ወዲህ መሪውን እስከ መጨረሻ ሳዞር ጎማው ከውስጥ በኩል ይነካል። ቶርኖ ቤት ከወፍራም ብረት 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ ገብቶ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ብረት) ቆርጠው፣ ብሎኑንም በረጅም ቀይረው ሊገጥሙልኝ ነው። ያስተማምናል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይሄኛው አያስተማምንም። ጎማውን የሚሸከመው ብሎኑ ይመስለናል እንጂ፣ በደንብ የታሰረ ቸርኬን ይዞ የሚያቆየው የቸርኬውና የእምብርቱ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ገጾች ሲጫኑ የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው። በመሃላቸው ቀለም ወይም ዝገት ካለ፣ ወይም ገጹ ካልተስተካከለ፣ ጥቂት እንደተነዳ ይረግፍና ዳዶው ይላላል። ከዚያ ብሎኑ ጎማው በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይቃናል፤ ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚሆነው ይበጠሳል።

ስፔሰር ግድ ከሆነ የራሱ ብሎን ያለውን፣ ለ6 ብሎን 139.7 (በብሎኖቹ መሃል የሚያልፈው ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር) የተሠራውን ይፈልጉ። የመሃሉ ቀዳዳ 106 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በመኪናው እምብርት ላይ በእጅ ሲገፉት ልክክ ማለት አለበት። ከተወዛወዘ ይመልሱት። እምብርቱን በሽቦ ብሩሽ ነጭ ብረቱ እስኪታይ ይጥረጉ፤ ግራሶ አይቀቡ። ዳዶዎቹን በመስቀል ተራ፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይሰሩ። ልኩን ከማኑዋሉ ይውሰዱ፤ ለብረት ቸርኬና ለአሉሚኒየም ቸርኬ ይለያያል።

ከዚያ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በስፔሰሩ ፊት ላይ ያጋድሙ። የመኪናው የራሱ ብሎን ጫፍ ማስመሪያውን ካነሳው፣ ቸርኬው ጀርባው ላይ ለብሎኑ ጎድጓዳ ቦታ ከሌለው በስተቀር አይቀመጥም። ጠብቆ የታሰረ ቢመስልም ያረፈው በብሎን ጫፍ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የውስጠኛውን ዳዶ ነው። ጎሚስታው ከውጭ ያለውን አጥብቆ ይሸኝዎታል፤ ስፔሰሩን የያዘው ግን ከቸርኬው ጀርባ ተደብቋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ጎማውን አውርደው እሱን ደግመው ይሰሩ፤ ጎማ በወረደ ቁጥርም እንዲሁ።

እኛ ብንሆን ቸርኬውን እንቀይር ነበር። ከጀርባው ኢቲ ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዩ፤ ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ያሳያል፦ 30 ከሆነ፣ የ30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር 0 ያደርገዋል። ኢቲ 0 ቸርኬ ቢገዙም ጎማው እኩል ይወጣል። በኩሽኔታ ላይ የሚጨምረው ጫና አንድ ነው፤ የሚላላ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ግን የለም። በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙረው ይፈትሹ፤ ከውስጥ መንካቱ ቀርቶ ፓራፋንጎውን መብላት ሊጀምር ይችላል።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ላይ ብሎን የሌለው፣ እንደ ቀለበት የሚገባ 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ብገጥምስ? ካነሰኝ ሁለት ልደርብ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መደረብ አይሞከርም። አንዱን ለመወሰን ዳዶው በእጅ ስንት ዙር እንደሚገባ ይቁጠሩ። የቪትዝ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዳዶው በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይገባል፤ የሚገባው ጥልቀት ከብሎኑ ውፍረት ማነስ ስለሌለበት ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር ያስፈልጋል። 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ከ3 ዙር በላይ ይበላል። 8 ካልሞላ ያውልቁት፣ ወይም ረጅም ብሎን ያስገቡ። ሲሞላም ስፔሰሩ የእምብርቱን ከንፈር እንዳልዋጠው ይዩ፤ ከዋጠው ቸርኬው መሃሉን ስቶ ይታሰርና በፍጥነት ሲነዱ መሪው ይንቀጠቀጣል።