«ኮሚቴው ምክንያታዊ ነው» ይባላል?

ጥያቄ፦ «ኮሚቴው ምክንያታዊ ነው» ብዬ ብጽፍ አርታኢዬ «የሚያስቡት አባላቱ ናቸው» ብለው «የኮሚቴው አባላት ምክንያታዊ ናቸው» በሚል አረሙት። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩት ግን የተለያየ ነገር ነው። እርማቱ ሐሳብዎን ለውጦታል።

በሰዋስው በኩል ችግር የለም። ኮሚቴ፣ ችሎት፣ ጉባኤ ብዙ ሰው ቢያቅፉም ግሣቸው ነጠላ ነው። «ጉባኤው መከረ» እንላለን፤ «ተመካከሩ» ካልን ግን ጉባኤው ወደ ኋላ ይቀርና እርስ በርስ የሚነጋገሩት አባላት ይታዩናል።

ቁም ነገሩ ትርጉሙ ላይ ነው። ሦስት ዳኞች የተሰየሙበትን ችሎት ያስቡ። ተከሳሹ እንዲከፍል ውል መኖሩም መፍረሱም መረጋገጥ አለበት። የመጀመሪያው ዳኛ «ውል ነበረ፣ ፈርሷልም» ይላሉ፤ ስለዚህ ይክፈል። ሁለተኛው «ውል ነበረ፣ አልፈረሰም»፤ አይክፈል። ሦስተኛው «ድርጊቱ ቃሉን የሚያፈርስ ነው፣ ነገር ግን ከመነሻው ውል አልነበረም»፤ አይክፈል። ሦስቱም ከራሳቸው ጋር አልተጋጩም። ድምፁን ሲቆጥሩት ግን ውል መኖሩ በሁለት ድምፅ ያልፋል፣ መፍረሱም በሁለት ድምፅ ያልፋል፣ ክፍያው ደግሞ በሁለት ድምፅ ይወድቃል! እዚህ ላይ «ዳኞቹ ምክንያታዊ ናቸው» እውነት ነው፤ «ችሎቱ ምክንያታዊ ነው» ግን ሐሰት። ፈላስፎቹ ክርስቲያን ሊስትና ፊሊፕ ፔቲት እ.ኤ.አ. በ2002 ችግሩ ከአብላጫ ድምፅም እንደሚሰፋ በሒሳብ አሳይተዋል።

ችሎቱ «ነጥቦቹን በድምፅ እንወስን፣ ፍርዱ ከነጥቦቹ ይከተል» ብሎ ቢስማማስ? ያን ጊዜ ተከሳሹ ይከፍላል፣ አቋሙም ይገጥማል። ሁለቱ ዳኞች በልባቸው ባይቀበሉትም «ችሎቱ ክፍያ ይገባል ብሎ አመነ» ማለት ትክክል ነው። ይህን «ዳኞቹ አመኑ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ይሆናል። ነጠላውን ግሥ የምሟገትለትም ለዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «ምክንያት አለው» እና «ምክንያታዊ ነው» አይምታቱብዎ። ተቆጥቶ የወጣ ሕዝብም ምክንያት አለው፤ ኮሚቴን ምክንያታዊ የሚያሰኘው ግን የዛሬው ውሳኔው ትናንት በቃለ ጉባኤ ካሰፈረው ጋር መስማማቱ፣ ካልተስማማም አንዱን መርምሮ ማረሙ ነው። እርስዎ የጻፉት ስለዚህ ከሆነ ዓረፍተ ነገርዎን እንደነበረ ይመልሱት፤ ስለ ሰዎቹ ጠባይ ከሆነ የአርታኢዎ ይሻላል።