መንግሥት ሚዛኑን ይጠብቅ፤ ዋጋውን ለገበያተኛው ይተው

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ በመምህርነት የማገለግል የሦስት ልጆች አባት ነኝ። መንግሥት በገበያ ውስጥ እጁን ባያስገባ ይሻላል የሚለውን ሐሳብዎን ደጋግሜ አንብቤያለሁ። እኔ ግን ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ የጤፍ ዋጋ ስጠይቅ ነጋዴው ካለፈው ሳምንት የተለየ ይነግረኛል፤ ደመወዜ ያው ነው። ቅቤው ሙዝ ተለውሶበት፣ በርበሬው ሸክላ ተፈጭቶበት፣ ሚዛኑም ጎድሎ አገኘዋለሁ። መንግሥት ለጤፍ የዋጋ ጣሪያ ቢያወጣለት ምን ክፋት አለው? እናንተ ነፃ ገበያ የምትሉት ነገር ለእኔ ቢጤው ደመወዝተኛ ምን ይፈይድለታል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ደብዳቤዎ ሁለት አቤቱታዎችን አንድ ላይ አስሮ አቅርቧል፤ አንዱ ስለ ዋጋ ነው፣ ሌላው ስለ ማጭበርበር። በሁለተኛው ላይ እኔና እርስዎ ልዩነት የለንምና ከእሱ ልጀምር። ጎዶሎ ሚዛን ስርቆት ነው። እርስዎ በገዛ ፈቃድዎ የመረጡትና ገንዘብ የከፈሉበት ቅቤ ነው እንጂ ሙዝ አይደለም፤ ስለዚህ የሸጠልዎ ሰው ምርጫዎን ሰርቆብዎታል። የነፃ ገበያ ሐሳብ የቆመው ሁለት ሰዎች እውነቱን እያወቁ በፈቃዳቸው በሚያደርጉት ስምምነት ላይ ስለሆነ፣ ሚዛን የሚፈትሽ፣ ባዕድ ነገር የቀላቀለውን ለፍርድ የሚያቀርብና ውል ያፈረሰውን የሚያስከፍል መንግሥት የዚህ ሐሳብ ምሰሶ ነው። የሐሳቡ አባት የሚባለው የስኮትላንዱ ሰው አዳም ስሚዝ እንኳ ደንብን ሁሉ የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ ባንኮች እንዳሻቸው ትንንሽ የገንዘብ ኖት እንዳያወጡ መከልከልን፣ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት የሚያግድ ግድግዳ እንዲሠራ ከማስገደድ ጋር እያነጻጸረ ደግፎታል። አንድ ዓይነት ንግድ የያዙ ሰዎች ሲገናኙ ዋጋ ለማስወደድ መዶለታቸው እንደማይቀርም ያስጠነቀቀው እሱው ነው። ስለዚህ በእርስዎ ገበያ አራት አምስት ነጋዴዎች ተማክረው ዋጋ ከሰቀሉ፣ ያንን መቅጣት ከነፃ ገበያ ጋር አይጋጭም።

ዋጋውን መንግሥት ይተምነው የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ያደግሁት በቢቸና አካባቢ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን አባቴ በገበሬ ማኅበሩ በኩል የተጣለበትን፣ መንግሥት በተመነው ዋጋ የሚወስደውን የእህል ኮታ ለማስረከብ ሲዘጋጅ አስታውሳለሁ። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ወጣና ጤፉ ሳያፈራ ቀረ። እናቴ ከጎተራው ያለውን በቁና እየሰፈረች ስትቆጥር ኮታው ሊሞላ አልቻለም። አባቴ በሬ ሸጦ፣ ቢቸና ገበያ ወርዶ፣ የጎደለውን ጤፍ በገበያ ዋጋ ገዛና በአህያ ጭኖ ለሚረከቡት ሰዎች በተተመነው ዋጋ አስረከበ። የገዛበት ዋጋ ካስረከበበት እጅግ ይበልጥ ነበር። የእህል ዋጋ ለከተማው ሕዝብ እንዳይወደድ ተብሎ የወጣው ደንብ ያንን ዓመት የበላው የአንድ ጎጃሜ ገበሬን በሬ ነው። በሚቀጥለው ክረምት አባቴ በሬ ተውሶ ነው ያረሰው።

ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ጎጃም ትርፍ አምራች ከሚባሉት ክፍለ ሀገሮች አንዱ ስለነበር ኮታው ጠንክሮበታል፤ የግል ነጋዴ እህል ጭኖ እንዳያሻግር በየመውጫው ኬላ ቆሟል፤ በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም የግል ነጋዴው ካፒታል በጅምላ ንግድ ከ300 ሺህ፣ በችርቻሮ ከ200 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር። ደጀን ላይ በመንገዱ አግድም የተወጠረውን ገመድ፣ ለአዲስ አበባ ዘመድ በትንሽ ከረጢት የተያዘች ጤፍ ከአውቶቡስ ጣሪያ ስትወርድም አይቻለሁ። ጤፍ ዓባይን መሻገር ሲያቅተው ወዲህ ማዶ ረከሰ፣ ወዲያ ማዶ ተወደደ። ኮታውና የግዴታ ዋጋው የተነሡት ደርግ ራሱ በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ነው፤ ያኔ ነጋዴው በመኪና፣ ገበሬው በአህያ ወደ ገበያ የጎረፈበትን ሳምንት የጎጃም ሰው ዛሬም ያወራዋል።

የዋጋ ጣሪያውንም ከዚያ ወዲህ ሞክረነዋል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ለስኳር፣ ለምግብ ዘይት፣ ለዳቦና ለሌሎችም ሸቀጦች የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ የተገኘውም በጓሮ በር ነበር። ከወራት በኋላ የአብዛኞቹ ሸቀጦች ጣሪያ ተነሣ። ጣሪያው ዋጋውን በወረቀት ላይ ዝቅ ሲያደርግ ዕቃው እንዲበዛ አላደረገም። ዝቅተኛ ዋጋ የተጻፈበት ባዶ መደርደሪያ ለልጆችዎ እንጀራ አይሆንም፤ ዕቃውን የሚያገኘውም ሰልፍ የሚቆም ጊዜ ያለው ወይም ባለመጋዘኑን የሚያውቅ ሰው ነው። ደመወዝተኛ ደግሞ ሁለቱንም የለውም።

በ1974 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኦስትሪያው ተወላጅ ፍሬድሪክ ሀይክ ይህን ያስረዳበት መንገድ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ገብቶኛል። የሸበል በረንታ ገበሬ ጤፉ በዚህ ዓመት ስንት እንደወጣለት ያውቃል፤ ሹፌሩ መንገዱ የት እንደተበላሸ ያውቃል፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደንበኛው ምን እንደጠየቀው ያውቃል። ይህን የተበታተነ ዕውቀት ማንም መሥሪያ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊሰበስበው አይችልም፤ ዋጋ ግን ይሰበስበዋል። አዲስ አበባ ላይ ጤፍ ሲወደድ ያ ቁጥር በስልክ ደጀን ይደርስና ማንም ሳያዝዘው መኪና ወደ ቢቸና ይነሣል። ዋጋውን በደንብ ስናስረው መልእክተኛውን አፉን ለጎምነው ማለት ነው።

ይህን ስል ገበያ ሁልጊዜ ደግ ነው ማለቴ እንዳልሆነ እባክዎ ይረዱልኝ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምርት ሲበዛ በጎጃምና በወለጋ የበቆሎ ዋጋ እስከ መሬት ወርዶ፣ ለመሰብሰብ የሚወጣውን ጉልበት እንኳ ሳይመልስ ማሳ ላይ የቀረ በቆሎ ነበር። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ ቀነሰ፤ ወዲያውም ድርቅ መጣ። የገበያ ተሟጋቾች ይህን ዘመን ዘለው ሲያልፉት እቆጫለሁ። ነገር ግን ምክንያቱን ሳጤነው የማገኘው የመጋዘን እጥረት፣ እህል አስይዞ ብድር የሚያገኙበት ባንክ አለመኖር፣ የመንገድ ጉድለት፣ እንዲሁም የማዳበሪያ ዕዳ በአጨዳ ማግሥት እየተሰበሰበ ገበሬው ሁሉ በአንድ ሳምንት እንዲሸጥ መገደዱን ነው። ያኔ የሚያስፈልገው መጋዘን እንጂ ተማኝ አልነበረም።

ለእርስዎ ደመወዝ ወደተሻለው መንገድ ልመለስ። ድሃውን መርዳት ከተፈለገ ገንዘቡን ለድሃው በእጁ መስጠት ይሻላል፤ በዋጋ ጣሪያ በኩል የሚሰጥ እርዳታ ግን የባለሀብቱንም እንጀራ እየደጎመ የገበሬውን ድርሻ ይቆርጣል። ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ሆናችሁ በማኅበር በቀጥታ ከገበሬ ብትገዙም ማንም ፈቃድ ሊነፍጋችሁ አይገባም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ፤ እኔ በሰከላ ወረዳ የምኖር አራሽ ነኝ። ጎረቤቴ በድንበሬ ላይ ባሕር ዛፍ ደረደረና ከጥላው ሥር ያለው ጤፌ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ብከሰው "በይዞታዬ ላይ የፈለግሁትን እተክላለሁ" አለኝ። የናንተ የግል ምርጫ የሚባለው ይህ ነው ወይ? የይዞታ ደብተሬስ ምን ያህል ዋስትና ይሆነኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ አይደለም። የሰው ምርጫ ወሰኑ የጎረቤቱ ማሳ ነው። ጎረቤትዎ የዛፉን ገንዘብ ለብቻው ወስዶ፣ የዛፉን ጥላና ውሃ የሚጠጣውን ሥር በእርስዎ ላይ የሚጥል ከሆነ ወጪውን ወደ ሌላ ሰው ቤት አሻግሯል ማለት ነው። ነፃ ገበያን የሚደግፉ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት ነጥብ ይህ ነው፤ የሚለያዩት በመፍትሔው ላይ ነው። እኔ ከድንበር ይህን ያህል ርቆ ይተከል የሚል ግልጽ ደንብና ያን የጣሰ በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት ካሳ የሚከፍልበት ሥርዓት ይበቃል እላለሁ። በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ጨርሶ አይተከል የሚለው ጥቅል እገዳ ግን አይታየኝም፤ የመሬቱን ባሕርይ ከእርስዎና ከጎረቤትዎ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ በቅርብዎ አለ። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ በዛፉ መካከል ሣር ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስልና መሬቱን እንደገና ለእህል ያውለዋል። ይህን ፈረቃ ገበሬው በራሱ ልክ አሰማምሮ አስፋፋው፤ የከሰል መኪናዎች እስከ አዲስ አበባ ሄዱ፤ የተራቆተው ተራራም አረንጓዴ ሆነ። በኋላ ደግሞ የዛፉ በሽታ መጥቶ ብዙ ማሳ አጠፋ። የነፃ ምርጫ ጉዳት ይህን ይመስላል፤ ሁሉም አንድ ነገር ሲመርጥ አብሮ ይወድቃል። ነገር ግን ገበሬው በማግሥቱ ሌላ ነገር ለመሞከር የማንንም ፊርማ አልጠበቀም፤ በአንድ ትእዛዝ የተተከለ ቢሆን ግን የሚነቀለውም በትእዛዝ ነበር።

ስለ ይዞታ ደብተርዎ የጠየቁትንም ባጭሩ ልመልስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በእኔ እምነት ያ የምርጫዎ ትልቁ ገደብ ነው፤ ሰው የራሱ ያልሆነውን አሲዳማ መሬት በኖራ ለማከም ይሳሳል። ደብተሩ ግን ከምንም ይሻላልና የድንበርዎን ምልክት ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው በምስክር ያጽኑት። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣው ግብሩን ስለጠላ ብቻ አልነበረም፤ ለግብር ተብሎ የሚመጣው ልኬት ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎ ስለፈራም ነው።

ጥያቄ፦ በቡሬ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። ለምርጫ ካርድ ስወስድ 18 ዓመት በቂ ነው ተባልሁ፤ ሆቴል ገብቼ ቢራ ሳዝዝ ግን 21 ዓመት ካልሞላህ አይሸጥልህም ተባልሁ። መንግሥት ስለ ሆዴ ምን አገባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠቀስከው ክልከላ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸው አዋጅ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያን፣ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥም ማጨስን ከልክሏል። በእኔ ሚዛን እነዚህ ክልከላዎች እኩል አይደሉም። የሲጋራው ጢስ አጠገብህ የተቀመጠችው እናት ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከላይ ስለ ባሕር ዛፉ ጥላ ያልኩት ይደገማል፤ ክልከላው ትክክል ነው። የማስታወቂያው እገዳ ያጠራጥረኛል፤ አዋቂ ሰው ሰምቶ እምቢ ማለት ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ሕፃናትም በዚያው ሰዓት እንደሚያዩ ሳስብ ግን ሐሳቤን እስከ መጨረሻው መግፋት ይከብደኛል። የዕድሜውን ነገር በተመለከተ ግን ሙግትህ ትክክል ነው፤ አገሩን ማን ይምራ ብሎ እንዲመርጥ የታመነ ሰው በገዛ ገንዘቡ ስለሚጠጣው ነገርም ሊታመን ይገባል።

ይህ ማለት ግን ሕጉን ጣሰው ማለቴ አይደለም። ያስተናገደችህ ልጅ ፈቃዷን እንዳታጣ እየተጠነቀቀች ነውና አትቆጣት፤ ቅሬታህን ጻፍ፣ ለተወካይህ ላክ፣ በምርጫው ቀንም ካርድህን ተጠቀምበት። ደግሞም የጠጣ ሰው ሞተር ወይም ባጃጅ ይዞ በቡሬ አስፋልት ሲሮጥ ጉዳዩ የሆዱ መሆኑ አብቅቷል፤ ያኔ ትራፊክ ፖሊሱ ቢያስቆምህ እኔ ከፖሊሱ ጋር ነኝ።