ቂሣርያ በፕሮግራሙ ላይ አለ ስላሉሽ እንዳትዘናጊ

እህቴ፣ «ለፋሲካ ከእናቴ ጋር ኢየሩሳሌም ልንሳለም ነው፤ አስጎብኚ ድርጅቱ በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ያለችውን ጥንታዊቷን ቂሣርያንም ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶልናል። የሮማውያኑን ፍርስራሽ ለማየት ይኼ ይበቃል ወይስ ለብቻችን ቀን እንጨምር?» ብለሻል። ጨምሩ፤ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን። ለምን እንደምልሽ በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት «ቂሣርያ ላይ የመግቢያ ትኬት ይቆረጥልናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። ከጥንቷ ከተማ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ አሸዋው ላይ፣ በቅስት በቅስት የቆመ ረጅም የውኃ ቦይ አለ። ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ ምንጭ ውኃ ያመጡበት ነው፤ በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን የሮማ ወታደሮች ጎን ለጎን ሌላ መስመር ጨምረውበታል። ያምራል፣ አልዋሽሽም። ግን ከግቢው ውጭ ስለሆነ በነጻ ነው የሚታየው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የቡድናችን መሪ አውቶቡሱን እዚያ አስቁሞ «ይኸው ቂሣርያ! ፎቶ ተነሡና ቶሎ ግቡ፣ ናዝሬት ይረፍድብናል» አለን። «ቲያትሩስ? ወደቡስ?» ብዬ ብጠይቀው «እሱ ድንጋይ ነው፣ ምን ያደርግልሃል» አለኝ። አዲስ አበባ ላይ ስሙን በደማቁ አሳትሞ ሲያስከፍለን ድንጋይ መሆኑን አልነገረንም!

2. ፓስፖርትሽን ለመሪው አታስረክቢ። ኮፒ ስጪው። የእኛን ገና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «እንዳይጠፋባችሁ» ብሎ ሰበሰበብን። የሚፈራው ፓስፖርቱ ሳይሆን እኛ እንዳንጠፋበት መሆኑ የገባኝ፣ ከፋሲካ ማግስት ቂሣርያ ደርሼ ልምጣ ብዬ ስጠይቀው ነው። ምግብ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ «ስንቱ እንዲህ ብሎ ወጥቶ ቀረ!» አለኝ። እኔ ሱቅና ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝ፤ ኢየሩሳሌም ባለው ገዳማችን በዴር ሡልጣን ሌሊቱን ቆሜ ያስቀደስኩት ለመኮብለል አይደለም። ተናደድኩ፣ ግን አልጮህኩም። ወረቀት አወጣሁና የምሄድበትንና የምመለስበትን ሰዓት ጽፌ ፈረምኩለት፣ ሻንጣዬንም መያዣ አድርጌ ሰጠሁት። ሰው ሁሉ ሲስቅ ፓስፖርቴን መለሰልኝ። አንቺም ሳታሳውቂ ብቻ እንዳትወጪ፤ የቡድን ቪዛ ላይ እሱም እውነት አለው።

3. ባቡር። በቂሣርያ ስም የተጠራ ጣቢያ ስላየሽ ዘለሽ እንዳትወርጂ፤ ጣቢያው ከባሕሩ ራቅ ብሎ ወደ መሀል አገር ነው፣ ከፍርስራሹ በእግር የሚያደርስ አይደለም። ከኢየሩሳሌም ስትነሺ ብዙ ጊዜ ቴል አቪቭ ላይ ባቡር ይቀየራል፣ ከዚያ ቢንያሚና ወርደሽ ታክሲ ያዢ። ለመመለሻው የባለታክሲውን ስልክ ተቀበይ። እናትሽን ይዘሽ በፀሐይ መንገድ ዳር እንዳትቆሚ።

ከእኔ ጋር ከቡድኑ አንዲት እናት ተከትለውኝ ነበር፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እንደ እናትሽ ማለት ነው። በቲያትሩ በኩል ገባን። 4,000 ሰው ገደማ ይይዛል፤ አሁንም በበጋ የሙዚቃ ዝግጅት ይደረግበታል። ደረጃውን ተዪው፣ ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል። ከዚያ ወደ ባሕሩ የገባ ድንጋያማ መሬት ላይ የሄሮድስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ፤ ከአለት የተፈለፈለው ገንዳው እስካሁን ማዕበል ይመታዋል። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ቸኩሎ አያልፍም። ጳውሎስ ሁለት ዓመት የታሰረው፣ በፊስጦስ ፊት ቆሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ያለው እዚህ ከተማ ነው። ቆርኔሌዎስም የተጠመቀው እዚሁ ነው። እኚያ እናት ግን የጠየቁኝ ስለ ፊልጶስ ነበር። የህንደኬን ጃንደረባ አጥምቆ፣ እየሰበከ የደረሰው ቂሣርያ ነው፤ በኋላም ከአራት ልጆቹ ጋር የኖረው እዚያው ነው። «ታዲያ የኛን ሰው ያጠመቀው ፊልጶስ የኖረበትን አገር ነው ድንጋይ ያለን?» አሉ። ማታ ይህንኑ ለመሪው በሰው ፊት ነገሩት፤ ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

የፈረስ ውድድር ሜዳው ሜዳ ስለሆነ ለእናትሽ ይመቻል። ወደቡ ጋ ስትደርሺ ግን ውኃ ብቻ ነው የምታይው ብለሽ እንዳታዝኚ፣ ዋናው ሥራ ከታች ነው። ሄሮድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ22 እስከ 10 ገደማ ባሉት ዓመታት ነው ያሠራው። ተፈጥሯዊ ወሽመጥ በሌለበት ዳርቻ፣ ከጣሊያን ከኔፕልስ አካባቢ በመርከብ የእሳተ ገሞራ አመድ አስመጥቶ፣ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ኮንክሪት አደረገው። ከጊዜ በኋላ ሰጠመ፤ ዛሬ ጠላቂዎች ናቸው የሚጎበኙት። ዙሪያውን የምታይው ትልቁ ግንብ የሮማውያን እንዳይመስልሽ፣ የመስቀል ጦረኞች ነው። የመስቀል ጦረኞቹን ከቸኮላችሁ እለፏቸው።

የጲላጦስን ስም የያዘው ድንጋይ በ1961 እ.ኤ.አ. የተገኘው እዚያው ቲያትር ውስጥ ነው። ቂሣርያ ያለው ቅጂው ነው፤ ዋናው ኢየሩሳሌም፣ እስራኤል ሙዚየም ተቀምጧል። በፕሮግራማችሁ ላይ ሙዚየሙ ካለ ይህንንም «ገብተን ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ቀኑን በተመለከተ ዓርብና ቅዳሜ አይሆንም። ዓርብ ግቢው ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ ባቡር የለም። ፋሲካችን ከአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ጋር ከገጠመ ደግሞ አገሩ በሙሉ ልጆቹን ይዞ እዚያ ነው፣ በጠዋት ግቡ። ጥላ የለም፤ ኮፍያና ውኃ ያዙ፣ ለእናትሽ ነጠላ ጫማ ሳይሆን የሚረግጡበትን የሚይዝ ጫማ። የድርጅቱን ስም በውስጥ መስመር ንገሪኝ፤ የእኛው ከሆነ ሌላም የምነግርሽ አለኝ።