«የንጉሥ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ስልኬ አላርፍ ብሏል። አንዱ የጎራዴ ፎቶ ይልካል፤ ሌላዋ የብር መስቀል፤ አንዱ ደግሞ የአያቱን ካባ ደርቦ ፎቶ ተነስቶ ላከልኝ። ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የአፄ ፋሲል ነው ይባላል፤ ስንት ያወጣል?» ዕድሜዬን በቅርስ ሥራ ጨርሼ ጡረታ ብወጣም ይህቺ ጥያቄ አለቀቀችኝም። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ተቀባበሉት።

ጎንደር ላይ «የንጉሥ ነው» የሚባል ዕቃ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። አይገርምም። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሯት ወዲህ ስንት ንጉሥ ተፈራርቆባታል። መኳንንቱም፣ ካህኑም፣ አንጥረኛውም፣ ጠጅ ጣይዋም ከግቢው ጋር ንክኪ ነበራቸው። ግን «የንጉሥ» ስንል ሦስት ነገር እናደባልቃለን። ንጉሡ ራሳቸው የያዙት አለ። ንጉሡ ለሰው የሸለሙት አለ። በዘመናቸው ተሠርቶ እሳቸው በዓይናቸውም ያላዩት አለ። የመጀመሪያው በሰው ቤት አይገኝም ማለት ይቀላል። ሁለተኛው አለ፤ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የሚመጣልኝ አብዛኛው ሦስተኛው ነው፤ እሱም ቢሆን የፋሲል ሳይሆን የምኒልክ ወይም የጃንሆይ ዘመን ሆኖ ያርፈዋል።

የመጀመሪያው ለምን ጠፋ ብትሉ፣ በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጥለው የአድባራቱን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ መቅደላ አስጋዙ። ሚያዝያ 1860 እንግሊዞች መቅደላን ያዙና የተከማቸውን ዘረፉ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ለራሳቸው በጨረታ ተሻሻጡት። ነገሥታቱ ሲዘምቱ ይዘውት የሚወጡት ኵርዓተ ርእሱ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል፣ ያኔ እንደወጣ ቀረ። በ1880 ደግሞ ድርቡሽ መጥቶ የተረፈውን አነደደው። ከዚህ ሁሉ አምልጦ እናንተ ቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዘውድ ካለ ቡናውን አፍሉና ጥሩኝ፤ በሩጫ ነው የምመጣው።

ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ ጽዋ አለ። የንጉሥ ስለመሆኑ የሚከራከር የለም። የንጉሡ የዳግማዊ ኢያሱና የእናታቸው የእቴጌ ምንትዋብ ስም፣ ለጎንደሯ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሆኑም ጭምር፣ በግዕዝ ተቀርጾበታላ! ሰጪው ታውቋል፤ ተቀባዩም ታውቋል። እናንተም መጀመሪያ የምትፈልጉት ጽሑፍ ነው። ስታነቡ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ነገሥታቱ ብዙ ጊዜ የሚጻፉት እኛ በለመድነው ስም ብቻ አይደለም። ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ ናቸው፤ ቀዳማዊ ኢያሱ አድያም ሰገድ፤ በካፋ መሲሕ ሰገድ። እቴጌ ምንትዋብም በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በንግሥ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ናቸው። ስለዚህ በጉልህ «አፄ ፋሲል» ተብሎ በዛሬ አማርኛ የተጻፈበት ብር ቢያመጡላችሁ ነቄ በሉ።

ጠመንጃማ ራሱን ያጋልጣል። የፋሲል ነው ተብሎ መጥቶ ውጅግራ ሆኖ ይገኛል። ውጅግራ የፈረንሳይ ሥሪት ነው፤ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. የ1874። ፋሲለደስ ያረፉት በ1667 ነው። ጎራዴ ላይ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ። ስለቱ ላይ የጀርመን ፋብሪካ ስም ስላያችሁ ብቻ ፎርጅድ ነው አትበሉ። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ብዙ ስለት ከዞሊንገን ይመጣ ነበር። ማርትሬዛን በተመለከተ ደግሞ 1780 የሚለውን አይታችሁ ዘመን አታስሉ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ሞተች፤ ብሩ ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያንኑ ቁጥር ይዞ ሲታተም ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ከቀለለ ብርነቱንም ተጠራጠሩ።

ብራና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው እሱን ነው። አንድ ልጅ ከአዘዞ መዝሙረ ዳዊት ይዞልኝ መጣ። «የአድያም ሰገድ ኢያሱ ነው» አለኝ። ሥዕሎቹን ሊያሳየኝ ቸኮለ፤ እኔ ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩ። የባለቤቱ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ኢያሱ ይላል። ገጹን ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርገው ከስሙ ሥር ያለው ብራና ሳስቶና ሻክሮ ታየኝ። የቀደመውን ስም ፍቀው ነው የጻፉት። ከታች «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ይላል፤ የሰረቀም የፋቀም የተወገዘ ይሁን ነው ነገሩ። ሰውየው ውግዘቱን እያየ ፋቀ ማለት ነው፤ ድፍረቱ!

ከዚያ ወደ ሥዕሎቹ ሄድን። አንዱ ቅጠል ላይ ብል የበላው ቀዳዳ አለ። አጉሊ መነጽር አድርጌ ሳየው ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል። ብሉ ቀድሞ በላ፤ ሠዓሊው በኋላ መጣ። ለቱሪስት ዋጋ ይጨምራል ብሎ አንዱ ያሣለው ነው። መጽሐፉ ራሱ ግን ሸጋ ነበር፤ ያ የጎንደር ዘመን ትልልቅና ቀጥ ያለ ጉልሕ ጽሕፈት። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ባዶው ቅጠል ላይ ግን የቅድመ አያቱ ልጆች የተወለዱበት ቀን አንድ በአንድ ሰፍሯል። የእናቱ አባት ስምም አለበት። እሱን ሳነብለት ወንበሩን አስጠግቶ «እስኪ ይድገሙልኝ» አለኝ።

እባካችሁ ዕቃውን አታጽዱ። ለእንግዳ ያብለጭልጭ ብላችሁ ብሩን በሎሚና በአመድ ስታሹት፣ እኔ የማነበውን ቅርጽ ነው የምትፍቁት። ብራናም ዘይት አይቀባም፤ ጭስ ካለበት ቤት አርቁት፣ በቃ።

ማጽዳቱን ትታችሁ አያታችሁን በስልክ ቅዱ። ግን «የፋሲል ነው አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ። አዎ ይሏችኋል፤ የልጅ ልጅ ማን ያሳፍራል? «ከማን አገኙት? እሳቸውስ ከማን? ያኔ ምን ሥራ ላይ ነበሩ?» በሉ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ጠጅ አሳላፊ ነበሩ፣ እንትን ዘመቻ ላይ ቆስለው ተሸለሙ ካሉ ያ ክር ነው፤ ተከተሉት። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ወይም አያት ያንኑ ካባ ለብሰው የተነሱት ፎቶ ከተገኘ ከአሥር ሽማግሌ ወሬ ይበልጥብኛል።

ስለ ደላሎች አጭር ልበል። «ዛሬውኑ ካሽ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ በተለይ ፈረንጅ ገዢ አለኝ ካለ፣ በሩን ዝጉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊቆይ ይችላል፤ ግን መመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ አስመዝግቡ። «ይወርሱናል» የሚለውን ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነዙት ደላሎቹ ናቸው። ጽሑፉ ለደብር የተሰጠ ነው ካለ ወይም ታቦት ከሆነ ግን ዋጋ አትጠይቁኝ። ወደ ደብሩ ይመለስ።

አሁን ወደ «ስንት ያወጣል?» ልመለስ። እኔ ግምት የምሰጠው ብዙ ጊዜ ለውርስ ክፍፍል ነው፤ እዚያ ላይ ነው ቤተሰብ የሚጣላው። ወንድማማች መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ተከፋፍለው አይቻለሁ፤ ሁለቱም ምንም አልያዙም። ዕቃው አንድ ሰው ጋ ይቀመጥ፤ ሌሎቹ ድርሻቸውን ከመሬቱ ወይ ከከብቱ ያግኙ። ማን እንደያዘው፣ ምን እንደሚመስል፣ ሲፈልጉ እንደሚያዩት በሽማግሌ ፊት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ፊቱንም ጀርባውንም፣ ጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ፣ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱትና ለየራሳችሁ ያዙ። ለኔም ስትልኩ እንደዚያው አድርጉ፤ ካባውን ለብሳችሁ አትላኩልኝ።