ቡች ካሲዲ ሞተ ወይስ አመለጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው እሁድ ከአባቴ ጋር «ቡች ካሲዲ ኤንድ ዘ ሰንዳንስ ኪድ» የሚባለውን የድሮ ካውቦይ ፊልም አየን። ሁለቱ ሽፍቶች ቦሊቪያ ውስጥ በወታደር ተከበው፣ እየተኮሱ ሲወጡ ምስሉ እዚያው ቀጥ አለ። አባቴ «ሞተዋል፣ አለቀ» ይላል። እኔ ደግሞ ቡች አምልጦ አገሩ ተመልሷል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነቱ የቱ ነው? (የደሴው አንባቢ)

መልስ፦ እኔ ይህን ፊልም ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ። መጨረሻው ላይ ምስሉ ሲቆም ሁላችንም «ካሴቱ ቆመ!» ብለን ጮህን። ባለቤቱ ሮጦ መጥቶ ዴኩን መታ መታ አደረገው። «አክተሩ አልሞተም» ተባብለን ወጣን። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የማውቀውን ልንገርህ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ቡች ካሲዲ በ1866 ዩታ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ሮበርት ሊሮይ ፓርከር ነበር። ሰንዳንስ ኪድ ደግሞ ሃሪ ሎንጋቦ። ሥራቸው ባቡርና ባንክ መዝረፍ ነው። በ1900 ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ ውስጥ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ፎቶ ቤት ገብተው ተነሱ። ፎቶውን ፈልገህ እየው። አምስቱም ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው፣ ክብ ባርኔጣ፣ የሰዓት ሰንሰለት። ሽፍታ ሳይሆን ሚዜ ነው የሚመስሉት። ያቺ ፎቶ ጉድ ሠራቻቸው። ፒንከርተን የሚባል የግል መርማሪ ድርጅት ሰዎች እጅ ገባችና መልካቸው ታወቀ።

በ1901 ከሰንዳንስ ፍቅረኛ ከኤታ ፕሌስ ጋር ከኒውዮርክ በመርከብ ወደ አርጀንቲና ሄዱ። ፓታጎኒያ ውስጥ ቾሊላ በምትባል ቦታ ቤት ሠርተው፣ ከብትና በግ እያረቡ ጥቂት ዓመታት በሰላም ኖሩ። ፊልሙ ይህን ዘሎ ቀጥታ ቦሊቪያ ያወርዳቸዋል። ሁሌም የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሁለቱን ሆነው የሚጫወቱት ፖል ኒውማንና ሮበርት ሬድፎርድ በጎች ሲያግዱ፣ ግን ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ መንገዱ ሲያዩ ማየት እፈልግ ነበር። በ1905 ዳግም ሲፈለጉ ያን ሁሉ ሸጠው ወጡ።

ኅዳር 1908 ቦሊቪያ ውስጥ ሁለት ፈረንጆች የአንድ የማዕድን ድርጅት ደመወዝ ዘረፉ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሳን ቪሴንቴ የምትባል መንደር ገብተው ማደሪያ ጠየቁ። ያሳበቀባቸው በቅሎ ነው። ከዝርፊያው የወሰዱት በቅሎ የድርጅቱ ምልክት ነበረበት። ፊልሙ ላይ ወታደሩ ጣሪያውን ሁሉ ሞልቶታል፤ እውነተኛዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ማታ ተኩስ ሆነ። ጠዋት ሲገባ ሁለቱም ሞተው ተገኙ። አንዱ ጓደኛውን ከሥቃይ ገላግሎ ራሱን የገደለ ይመስል ነበር።

ብዙዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ከአባትህ ጋር ናቸው። እኔም እንደዚያው። ግን ሰዎቹ ያለ ስም ነው የተቀበሩት። በ1991 መቃብር ተቆፍሮ አጥንት ተመርምሮ ነበር፤ የእነሱ ሆኖ አልተገኘም። የቡች እህት ሉላ ደግሞ ወንድሟ በ1925 ቤት መጥቶ እንደነበር ጽፋለች። እሱ ከቤት ሲወጣ እሷ ገና ሕፃን ነበረች። መልኩን የምታውቀው ከፎቶና ከወሬ ነው። ቢሆንም አልፈርድባትም። ወንድሟ ነው፤ መቃብሩንም ያሳያት የለም።

አሁን አባትህን ይዘህ መጨረሻዋን ድገሙት። ምስሉ ሲቆም ድምፁን አትቀንስ። እኛ ያን ቀን በጩኸታችን ያልሰማነው ነገር አለ። ምስሉ ቀስ እያለ እንደ አሮጌ ፎቶ ቡናማ ሲሆን፣ ከኋላው የአዛዡ ትእዛዝና ተኩሱ እየተደጋገመ ይሰማል።